መሃሉ ላይ ያለው ጭጋግ

ኅዳር 4
ቀዝቃዛ ቀን። የመጡት ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ጉርድ ፎቶ። የጀርባውን ጨርቅ አጥቤ ሰቀልኩ።

ካሜራዬ አብቅቶለታል። ብዙ አገልግሏል፣ አይወቀስም። ከወር ወዲህ ዓይኔን የማስጠጋበት ማያ መስኮቱ መሃሉ ላይ ጭጋግ ያዘ። በጥጥ ጠረግኩት፣ በአልኮል ጠረግኩት... ያው ነው። ለጉርድ ፎቶ አያስቸግርም፤ ወንበሩም ካሜራውም የሚቆሙበትን ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጌያለሁ፣ ርቀቱ አይለወጥም። ሠርግ ላይ ግን ሰው ይንቀሳቀሳል። የወንድሜ ልጅ ደግሞ በታኅሣሥ ታገባለች። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ የአባቷ ቦታ የእኔ ነው። "አባባ፣ ከእርስዎ ሌላ ማንም እንዳያነሳኝ" ብላለች። በቃ፣ ሌላ ካሜራ መግዛት ግድ ሆነ።

አዲስ አልገዛም። የዛሬ አዲስ ነገር አሻንጉሊት ነው።

ኅዳር 7
ረጅሙ የምንለው ሰውዬ ካሜራውን ሊሸጥ ነው አሉ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፎቶ ቤት የእሱ ነው፤ ደንበኛ ስንነጣጠቅ ነው ያረጀነው። እጁ መንቀጥቀጥ ስለ ጀመረ ሠርግ ማንሳት ትቷል። ከእንግዲህ ማተምና ፍሬም መሸጥ ብቻ ነው ሥራው።

የእሱን ካሜራ? እስቲ እናያለን።

ኅዳር 9
አየሁት። ፉል ፍሬም የሚሉት ትልቁ ዓይነት ነው፣ ከባድ። የመያዣው ጎማ ተልጧል፣ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ለቆ ብረቱ ወጥቷል። እንዲህ ያለውን እወዳለሁ። የሠራ ካሜራ ነው፣ ሳጥን ውስጥ የተኛ አይደለም። ነጭ ግድግዳ አነሳሁበትና ኮምፒውተሩ ላይ አሰፋሁት፤ አንድ የአቧራ ነጥብ የለም። የሌንሱ ማሰሪያ አይወዛወዝም። ሁለት ካርድ ይጎርሳል፣ አንዱ ቢከዳ ሌላው አለ። ለሠርግ ዋናው ይሄ ነው። ስንት ጊዜ ተጭኗል ብዬ ብጠይቀው፣ "እኔና አንተ ካነጠስነው ያንሳል" አለኝ።

ከዚያ ዓይኔን አስጠጋሁ። መሃሉ ላይ ጭጋግ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ተቀብሎ አየ። "ምኑ?"

"መሃሉ ላይ ጭጋግ አለ።"

በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ መለሰልኝ። አለ።

"እኔ አይታየኝም" አለ።

"አንተ ምን ይታይሃል? ዕድሜህን ሙሉ የሙሽራ ጭንቅላት ስትቆርጥ የኖርክ።"

ሳቀ። በጭጋጉ ሰበብ ዋጋ አስቀነስኩት። ብዙም አልተከራከረም፤ የደከመው ይመስላል።

ለካ ማያ መስኮት ሲያረጅ ቀድሞ የሚደክመው መሃሉ ነው። ማንም አላስተማረኝም፣ በራሴ ደረስኩበት። መቼስ ያልደረስኩበት ነገር አለ? ይጸዳል።

ኅዳር 15
ለጠጋኙ ሰጠሁት። ፈታታው፣ ገጣጠመው፣ "ንጹሕ ነው ጋሼ" ብሎ መለሰልኝ። ጠጋኝ ድሮ ቀረ።

ኅዳር 21
ሻይ ስቀዳ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ባለቤቴ ኩባያውን ወደ እኔ ገፋችው። ለካ ሰሞኑን ሁሌ እንዲህ ስታደርግ ነበር...

"አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን ታየው።"

"የቱን ነው የማላየው? ንገሪኝ።" በመስኮቱ የመድኃኒት ቤቱን ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት፣ የስልክ ቁጥሩን ሳይቀር።

"እሱንማ በቃልህ ታውቀዋለህ" አለች።

ከሴት ጋር ክርክር!

ታኅሣሥ 12
ሠርጉ አለፈ። እግሬ አብጧል።

ካሜራው እንደ በሬ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲታረስበት ውሎ አልደከመም። አዳራሹ ጨለማ ነበር፣ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ነው የሠራሁት። ፎከሱን በእጄ። እሱን ለማሽን አልሰጥም፤ ማሽን የሙሽራ ፊት ከኬክ አይለይም። ጭጋጉ ግን አስቸገረኝ። አንዳንዴ አበባዋና የቀሚሷ ጫፍ ጥርት ብሎ ይታየኝና ፊቷ ጋ ስደርስ... ይሁን፣ እጄ ልምድ አለው።

ሙሽራዋ ስትገባ ወንድሜን አሰብኩት። ካሜራ የያዘ ሰው አያለቅስም፤ የዚህ ሥራ ጥቅሙ ይሄ ነው።

ታኅሣሥ 13
ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትኩት።

የመጋረጃው ክር ይቆጠራል። እቅፍ አበባው ላይ ያለው የውሃ ጠብታ ይታያል። ፊቷ የለም። ማለቴ አለ... ግን ቀልጧል። ቀጣዩም። ከዚያ የሚቀጥለውም። እናቷን ስታቅፍ፣ የእናቷ ትከሻ ላይ ያለው ጥልፍ ጥርት ብሏል፤ ሁለቱም ፊቶች ጭስ። ሁለተኛውን ካርድ ከፈትኩ። ምን ያህል ቂል ነኝ? ሁለተኛው ካርድ የያዘው ያንኑ ነው።

ምሳ አልበላሁም።

ታኅሣሥ 14
ረጅሙ ጋ ሄድኩ። ደንበኞች ነበሩ፣ አላፈርኩም። የታመመ ካሜራ ሸጥክልኝ አልኩት። የሟች ወንድሜን ልጅ ሠርግ በላህብኝ አልኩት። አንዲት ሴትዮ ፎቶዋን ሳትቀበል ወጣች።

ረጅሙ ካሜራውን ወስዶ ክርኑን ባንኮኒው ላይ ተከለ፣ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ። በሩ ላይ የቆመውን ሊስትሮ አነሳው። ፎከሱን በእጁ፣ እንደ እኔ። ከዚያ አስፍቶ አሳየኝ። የሊስትሮው ሽፋሽፍት አንድ በአንድ።

"ጭጋጉስ?" አልኩት።

"አንተ ግትር" አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። "በሌላኛው ዓይንህ እየው።"

"እኔ ዕድሜዬን በሙሉ በቀኝ ዓይኔ ነው የሠራሁት።"

"አውቃለሁ" አለ። "ካላመንክ ብርህን ላምጣልህ።"

ትቼው ወጣሁ።

ታኅሣሥ 15
ስቱዲዮውን ዘጋሁ። የጀርባው ጨርቅ ፊት ባዶውን ወንበር አስቀመጥኩ። በቀኝ ዓይኔ አየሁት፤ ጭጋግ። ካሜራውን ወደ ግራ ዓይኔ አዞርኩት። አፍንጫዬ አስቸገረኝ፣ ልምድ የለኝም።

ወንበሩ ከነሚስማሩ ታየኝ።

ከዚያ ካሜራውን አስቀመጥኩና ግራ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ መስታወት ፊት ቆምኩ። ጆሮዬ አለ። የኮቴ ኮሌታ አለ። ከኋላዬ መብራቶቹ አሉ።

እኔ የለሁም።

ታኅሣሥ 20
ባለቤቴ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። "ብዬህ ነበር" አላለችም። ብትል ይሻል ነበር።

ሐኪሟ የልጄ እኩያ ናት። መስመር የተሰመረበት ወረቀት ሰጠችኝ፣ እንደ ሒሳብ ደብተር።

"አባቴ፣ ግራውን ይሸፍኑና መሃል ያለውን ነጥብ ይዩልኝ።"

"የቱን ነጥብ?"

"እሺ፣ መስመሮቹስ ቀጥ ያሉ ናቸው?"

"ማተሚያ ቤቱን ቀይሩ። ጠማማ ናቸው።"

አልሳቀችም። ብርሃን አበራችብኝ፣ ጠብታ አስገባችልኝ፣ ብዙ አየች። በመጨረሻ ከዓይኔ ጀርባ ምስል የሚያርፍበት ቦታ መሃሉ ሞቷል አለችኝ።

"ፊልሙ ተቃጥሏል በይኝ" አልኳት።

"እንደዚያ ይበሉት።"

"ዳሩስ?"

"ዳሩ ይቆያል። መንገድ አይጠፋዎትም።"

"ፊትስ?"

ወረቀቷን አገላበጠች። "ግራውም ጀምሮታል፣ አባቴ። ፍጥነቱን ለመቀነስ እንሞክራለን።"

ስንመለስ ባለቤቴ ክንዴን ያዘች። አስለቀቅኳት። መንገድ አይጠፋህም ተብያለሁ እኮ። ጥቂት ሄጄ እኔው ያዝኳት።

ታኅሣሥ 23
የወንድሜ ልጅ ከባሏ ጋር መጣች። ካሜራው ነው ልል ነበር... በሩ እስኪከፈት ድረስ ይህንኑ ሳዘጋጅ ነበር።

"ካሜራው ደኅና ነው" አልኳት። "ዓይኔ ነው።" ፎቶዎቹን አንድ ሳልደብቅ አሳየኋት።

እሷ አንዱን ብዙ አየችው፣ እናቷን ያቀፈችበትን። "አባባ፣ ይሄም ያምራል" አለች።

"አያምርም። ለእኔ ብለሽ አትዋሺ።"

ያኔ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው። የደጉን ቀን ፊት አጠፋሁባት፤ ድጋሚ የማይመጣ ቀን ነው።

ጥር 6
ረጅሙ ጋ ሄድኩ። ይቅርታ ማለት አልችልበትም፣ አፌ አልተሠራበትም። ባንኮኒው አጠገብ ተቀመጥኩ። ፍሬም እየገጠመ ነበር፤ ሚስማሩን ሦስቴ ሳተ።

"ካሜራው እንዴት ነው?" አለኝ፣ ቀና ሳይል።

"ጤነኛ ነው።"

"ጭጋጉስ?"

"እኔ ጋ ነው።"

መዶሻውን አስቀመጠ። "ታዲያ ያስቀነስከኝን መልስ።"

"አልመልስም።"

"አውቄሃለሁ" አለ፣ ሻይም አዘዘልኝ። ኩባያውን እጄ ውስጥ ሊያስገባው ሲል ግማሹን ሱሪዬ ላይ ደፋው። እሱ የሚይዝበት የለው፣ እኔ የማይበት የለኝ። ሳቅን። መጨረሻው ላይ ሳቅ አልነበረም።

የካቲት 18
ጉርድ ፎቶ እንኳ አቆምኩ። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፣ እኔ አላየሁም። ፎቶውን ቢሮ መልሰውበት መጣ።

ሚያዝያ 30
የባለቤቴ ፊት ዛሬ በግራውም ደበዘዘ። አልነገርኳትም። ድምጿን እያየሁ ነው የማወራት።

ሰኔ 3
ይህን የምጽፈው በወፍራም ማርከር ነው፤ በአንድ ገጽ ሦስት መስመር።

የወንድሜ ልጅ ትናንት ደወለች። "ነገ ቀሚሴን ለብሼ እመጣለሁ፣ እምቢ ቢሉም እመጣለሁ" አለች። ግትርነቱ ከእኛ ወገን ነው። "ሌላ ሰው ያንሳሽ" አልኳት። "ሌላ ሰው አልፈልግም አልኩ እኮ ያኔውኑ" አለች።

መጣች። ረጅሙም መጣ፣ ሳይጠራ። ነጩን አንጸባራቂ ሊይዝልኝ ፈለገ። "አንተ ከያዝከው ብርሃኑ ይጨፍራል" አልኩት፣ ወንበር ላይ አስደገፍነው። ካሜራውን ባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ ላይ አቆምኩ። መብራቱን በእጄ ሙቀት ለካሁ። ትከሻዋን አዞርኩ፣ አገጯን በጣቴ ወደ ታች አወረድኩ። እስከዚህ ድረስ ማንም አይበልጠኝም።

ፎከሱን ለማሽኑ ሰጠሁት። ረጅሙ አስተካከለልኝ፣ አልቀለደም። ከካሜራው ጀርባ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ሳጥን ወጣ። ፊት ሲያገኝ ነው የሚወጣው። የሳጥኑ አራት ማዕዘን ታየኝ። ውስጡ ግራጫ ነው። እዚያ ውስጥ የወንድሜ ልጅ አለች ብዬ ተጫንኩ።

ተነስታ መጣች፣ ቀሚሷ ወለሉ ላይ ሲንሿሿ ሰማሁ። ስክሪኑን ብዙ አየች።

"አባቴን መስያለሁ" አለች።

"የቱ ጋ?"

"አፌ ላይ። ልስቅ ስል።"

ወንድሜ ሊስቅ ሲል አፉ ወደ አንድ ጎን ይሄድ ነበር። ጥቂት ነው፣ የክር ያህል። ጥርት ባላለ ፎቶ ላይ አይታይም።

"ወዴት ሄደ፣ ወደ ግራ?"

"ወደ ግራ።"

"እንግዲያው ፎከሱ ልክ ነው" አልኳት።