በፖም መጋዘኑ ውስጥ የሠራነው በረዶ

ለምወድህ ወንድሜ ለኮሊን፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካው የሚያምህ ጉልበትህስ እንዴት ይዞሃል? እጅህ ከብረቱና ከቅዝቃዜው የተነሳ ተሰነጣጥቋል ብለኸኝ ነበር፤ ከመርከቡ ጋር የላክሁልህን ቅባት ትቀባዋለህ ወይስ እንደ ልማድህ ከነማሸጊያው አስቀምጠኸዋል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ፀሐይዋስ ተመለሰችላችሁ? ቴሳ ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆማ «ይቺን ፀሐይ ትንሽ ቆርሶ ለአባዬ መላክ አይቻልም?» ትለኛለች። እኔም ፀጉሯን ማበጠር እጀምራለሁ።

እኛ ደህና ነን፤ ቤቱ ሞቅ ያለ ነው፣ የጎደለን አንተ ብቻ ነህ። ሐምሌ ከገባ ወዲህ ሸለቆው በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚነጋው። ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል አቁመዋል፤ ቴሳ ለእያንዳንዳቸው ስም ስላወጣችላቸው ግን ማረድ የሚባል ነገር የለም። ማገዶው ክረምቱን ያዘልቀናል። የአባባ የፖም መጋዘን ጣሪያ አንድ ቦታ ያፈስ ነበር፣ ራሴ ወጥቼ ደፈንኩት። «በዚህ ዕድሜሽ ጣሪያ ላይ ምን አወጣሽ?» እንደምትል አውቃለሁ። ታዲያ ማን ይውጣልኝ?

ይህን ደብዳቤ ከተማ ወዳለው ቢሯችሁ ወስጄ እዚያ ደቡብ ዋልታ ወዳለው ጣቢያችሁ በፋክስ እንዲልኩልህ እለምናቸዋለሁ። በኅዳር የሚመጣውን መርከብ መጠበቅ አልቻልኩም። በልደቷ ቀን ጠዋት ስትደውልላት ቴሳ «እሺ»፣ «እሺ» ብቻ ብላህ ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝ። «ምን ሆናብኝ ነው?» ብለህ ስትጠይቀኝ፣ ድምፅህ ዘግይቶ ስለሚደርስ ግራ ገብቷት ይሆናል አልኩህ። እኔም የመሰለኝ እሱ ነበር። ምን እንደሆነች ያወቅኩት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ላጫውትህ።

ግንቦት ላይ፣ የታጠበ ልብስ እያጣጠፍን ሳለን፣ ለልደትሽ ምን ዓይነት ድግስ ላዘጋጅልሽ ብዬ ጠየቅኳት። ባለፈው ዓመት እናቷን ማሪያንን ከቀበርን ገና ሳምንታት ብቻ ስለነበሩ ኬክም አልቆረስንላትም። የልዕልት ወይም የፈረስ ድግስ ትላለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። የያዘችውን ፎጣ አስቀምጣ አሰበችና «አባዬ ያለበት ይሁን» አለችኝ። «አባዬ ያለበት ምን?» ብላት፣ «አባዬ ያለበት ቦታ ነዋ። ሁሉም ሰው እዚያ ይምጣና እንብላ» አለች፤ ከመንገድ ማዶ ያለ ቤት የምትነግረኝ ነበር የምትመስለው።

አንተ መቼም ቆራሌዋ እያልክ ስትቀልድብኝ ኖረሃል። የሰው ውራጅ ቤቴን ሞልቶታል፣ አንድ ቀን ዕቃው እኔን ደጅ አስወጥቶ በሩን ይዘጋል ትል ነበር። ዘንድሮ ግን ቆራሌነቴ ክብር አገኘ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቴሳን ከጎኔ አስቀምጬ ከቆሻሻ መጣያው በር ላይ ወዳለው የአሮጌ ዕቃ ሱቅ፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ወደሚሸጠው ሰልባጅ፣ ከዚያ ደግሞ ሰዎች በግቢያቸው ዕቃ ወደሚያወጡበት መንደር ስንዞር ከረምን። ጠርዛቸው ሰማያዊ የሆነ የቆርቆሮ ኩባያዎች አገኘን፣ አንዳንዱ ቅቡ ተላልጧል። የወታደር ታጣፊ አልጋ፣ ብል የበላው የፀጉር ባርኔጣ፣ ለማንም ልክ የማይሆን የበረዶ ጫማ ገዛን። አንድ የእንጨት ሬዲዮም አለ፣ እንደ ዳቦ ጫፉ ክብ የሆነ፣ አይተኸው ቢሆን አንተም ትወደው ነበር። የሱቋ ባለቤት ዶት በሐቀኝነት «ግሌኒስ፣ ይሄ እኮ አይሠራም» ስትለኝ ቴሳ ቀድማኝ «ችግር የለውም፣ እዚያም ብዙ ጊዜ አይሠራም» አለቻት። ዶት ሳቋን መግታት አቅቷት ጀርባዋን ሰጠችን።

ያስቸገረን በረዶው ነበር። አንሶላ በአንሶላ ላይ ሰፍቼ ሰቀልኩት፤ የተሰጣ ልብስ እንጂ በረዶ አልመስል አለኝ። በሰኔ መጨረሻ ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት አቶ ሎክሊ ዕቃ እያወጡ ነው ሲባል ሄድን። ሚስታቸው ኤኒድ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። ጠረጴዛቸው ላይ ከሰሃኖቹ መሃል አንድ ነጭ ጥቅል ነበር፤ ከፈት ሳደርገው የጦርነቱ ጊዜ ፓራሹት ሆኖ አገኘሁት፣ እጅ ላይ እንደ ውሃ የሚፈስ ሐር። ኤኒድ ገና ሙሽራ ሳለች ለሚወለዱ ልጆቼ ልብስ እሰፋበታለሁ ብላ ገዝታው፣ ልጅ ሳይወለድ ቀርቶ መቀስ ሳይነካው ተቀመጠ።

«ምን ልታደርጉበት ነው?» አሉን። ቴሳ «አባዬ ያለበትን አገር ልንሠራበት ነው። በረዶው እሱ ነው» አለቻቸው። ሽማግሌው ዋጋውን ሊነግሩን አልፈለጉም። «ተዘርግቶ አይቼው አላውቅም» አሉ፤ «ስትሰቅሉት ጥሩኝ፣ ያ ይበቃኛል።»

ኮሊን፣ ምነው አይተኸው ቢሆን። በልደቷ ጠዋት አቶ ሎክሊና እኔ መሃሉን በገመድ ወደ ጣሪያው ማገር ጎትተን ሰቀልነው፤ ዳር ዳሩ በፖም ሣጥኖቹ ላይ ወረደ። ከበሩ ነፋስ ሲገባ ሁሉም ነገር ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። የአባባ መጋዘን፣ ያ የፖምና የአይጥ ሽታ የማይለቀው ቤት፣ ጠፋ። አቶ ሎክሊ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከሥሩ ቆሙ።

ከዚያ የክፍል ጓደኞቿ መጡ። ቴሳ የጣቢያው አለቃ ነበረች፣ የፀጉር ባርኔጣው ዓይኗን እየሸፈናት ለሁሉም ሥራ አከፋፈለች። እንቁላሉን እግሩ ላይ ይዞ እንደሚሄድ ፔንግዊን፣ ልጆቹ የተቀቀለ እንቁላል እግራቸው ላይ አድርገው ከዳር እስከ ዳር ሄዱ፤ ከደረሱት ይልቅ የፈረጡት ይበዛሉ። ማርከስ የሚባለው የጎረቤታችን ልጅ ሬዲዮኑ ላይ ተደፍቶ «እማዬ፣ እዚህ ቋሊማው አልቋል፣ በሚመጣው መርከብ ጨምረሽ ላኪ» ሲል እናቱ በር ላይ ቆማ ትሰማዋለች። ባለቀለም ስኳር የተነሰነሰበት ዳቦ ከሁሉ ቀድሞ አለቀ። ኬኩን የጣቢያችሁን ቀይ ቤት አስመስዬ ነበር የሠራሁት። ሻማ ስንለኩስ ጭስ ማውጫው ወደቀ፤ ልደንግጥ ስል ቴሳ «ነፋሱ ነው የጣለው፣ እዚያ ነፋሱ ኃይለኛ ነው» ብላ አዳነችኝ። ሻማዋን አጥፍታ ስትስቅ የፊት ጥርሶቿ መሃል ያለው ክፍተት የማሪያንን ይመስላል። ያን ጊዜ አንተ ናፈቅከኝ፤ ይህን ከጎኔ ቆሞ የሚያይ ሌላ ሰው በዓለም ላይ አንተ ብቻ ስለሆንክ።

በጨዋታችን መጨረሻ ላይ መርከብ ይመጣል። የፖም መጎተቻውን ጋሪ መርከብ አስመስለን ብርቱካናማ ጨርቅ አልብሰነው፣ ልጆቹን አንድ በአንድ አሳፍረን በር ላይ ለሚጠብቋቸው ወላጆች እናደርሳለን። ቴሳ ስም ትጠራለች፣ እኔና አቶ ሎክሊ እንጎትታለን። ሁሉም ሄዱና እሷ ብቻ ቀረች። «በይ አለቃ፣ ተራሽ ነው» አልኳት። ታጣፊው አልጋ ላይ ወጥታ ተቀመጠችና «እኔ አልሳፈርም። ሌላ ክረምት እቆያለሁ» አለችኝ።

ይህ የአንተ ቃል ነው፣ ኮሊን። በሰኔ ስትደውልልኝ፣ ሌላ ክረምት ለመቆየት ልፈርም እያሰብኩ ነው ያልከኝን እኔ ደግሜ «ሌላ ክረምት?» ስልህ፣ ልጅቷ ምድጃው አጠገብ ሶፋው ላይ የተኛች መስሎኝ ነበር። አልተኛችም። ያን ሁሉ ቀን በሆዷ ይዛው፣ በረዶውን አብራኝ ስትሠራ፣ ኬኩን ስታስመርጠኝ፣ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ወላጆቹን ልሸኝ ወጣሁ። ምን ብዬ እንደሸኘኋቸው አላስታውስም። ሻይ አፍልቼ ትሪ ይዤ ስመለስ አቶ ሎክሊ ከአልጋው ትይዩ የፖም ሣጥን ላይ ተቀምጠው ነበር። ከፓራሹቱ ጀርባ ቆምኩ።

«አለቃ፣ እዚህ ለእንግዳ ሻይ የለም?» አሏት።

«ክረምት ነው። መርከብ ስለሌለ እንግዳ አይመጣም።»

«እኔስ ታዲያ?»

«እርስዎ እዚሁ ይከርማሉ።»

«ደህና» ብለው ኮታቸውን ጠቅለል አደረጉ። ቴሳ «አንድ ሰው ግን ለምንድነው ሌላ ክረምት የሚቆየው? እዚያ የሚወደው ሰው አለ?» አለቻቸው።

«እኔ ኤኒድ የሞተች ጊዜ» አሉ ሽማግሌው፣ «ግቢዬ ውስጥ የቆመች መኪና ውስጥ ነበር የማድረው። የምወደው ሰው መኪናው ውስጥ ኖሮ አይደለም። ደጁ ይበርዳል፣ ቤቱ ግን ይብስብኝ ነበር።»

«ከዚያ ማን አስገባዎት?»

«ማንም። ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፤ ተዉት፣ ሐዘኑ ይውጣለት አሉ። በመስኮት ያዩኝና መጋረጃቸውን ይመልሳሉ። ክረምቱን በሙሉ እዚያው ቆየሁ። አንድ ሰው መጥቶ፣ ሎክሊ፣ በል ግባ ቢለኝ እኮ በመጀመሪያው ቀን እገባ ነበር።»

«እኔ ብኖር እልዎት ነበር» አለች ቴሳ።

«አውቃለሁ፣ አለቃ።»

ቴሳ ከአልጋው ወርዳ እጃቸውን ዳሰሰችው። «በጣም በርዶዎታል» አለቻቸው፤ «በሉ ይነሱ፣ እንግባ።» እጃቸውን ይዛ በግቢው አቋርጣ ወደ ቤት ወሰደቻቸው። እኔም የቀዘቀዘውን ሻይ ይዤ ተከተልኳቸው።

ወንድሜ፣ መጋረጃቸውን ከሚመልሱት አንዷ እኔ ነኝ። በሰኔ «አንተ እንዳመቸህ» አልኩህ፤ ሐዘንህን ማክበሬ መስሎኝ ነበር። ደግሞም እውነቱን ልንገርህ፣ የምጽፍልህ ለእኔ የሚበጀኝ ሆኖ አይደለም። አንተ ስትመለስ ቴሳ ወደ ከተማው ቤታችሁ ትሄዳለች። በሬ ላይ ከእኔ ቦቲ ጎን የምትቆመው ትንሿ ቦቲ አትኖርም። ጠዋት የሚያበጠር ፀጉር አይኖርም። ልጅ ያለበት ቤት ምን እንደሚመስል በሃምሳ ዓመቴ ነው ያየሁት፣ ይህን ቤት ባዶ ሆኖ ሳስበው ድስት እያጠብኩ አልቅሻለሁ። ቢሆንም እልሃለሁ፦ ኮሊን፣ ግባ። ወረቀቱን አትፈርም። በኅዳር በመጀመሪያው መርከብ ተሳፈር።

ማሪያን የሌለችበትን ቤት ብቻህን አትከፍተውም። በየሳምንቱ እየሄድኩ መስኮቱን አናፍሳለሁ፣ ጽጌረዳዋንም ገርዤዋለሁ፣ ኮቷን ግን ከተሰቀለበት አላነሳሁም፣ ያ የአንተ ነው። የምትመጣ ቀን ቀድሜ ሄጄ ምድጃውን አነዳለሁ። መተኛት ካቃተህ እዚህ ሸለቆው ውስጥ የአንተ ክፍል አለ፣ ውስጡ ያሉትን ሣጥኖች አወጣቸዋለሁ።

አብረውህ ላሉት ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። በክረምቱ አጋማሽ ድግስ ቀሚስ ለብሶ ላስተናገዳችሁ ለወጥ ቤቱ ለብሩኖ፣ ጉልበትህን ለምታይልህ ሐኪም፣ ፎቶግራፍ ለላከልን ለአየር ጠባይ ተመልካቹ። ከዚህ ዶት ሰላም ብላሃለች፤ አቶ ሎክሊም ሰላም ይሉሃል፣ አሁን እሑድ እሑድ ከእኛ ጋር ነው ምሳ የሚበሉት።

ቴሳ ክርኔ ሥር ቆማ የምትለውን እንድጽፍ አዛኛለች። እንዲህ ትላለች፦ «አባዬ፣ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ስልክ ላይ ዝም ያልኩህ ተቆጥቼ ነው። አሁን የተቆጣሁት ትንሽ ብቻ ነው።»

እህትህ ግሌኒስ

ሁዎን ሸለቆ፣ ታዝማኒያ
ሐምሌ 12 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.