ሁለተኛ የወጣህበት ሩጫ

ውዴ ከድር፣

ከተለየኸን ወዲህ ዝናቡ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄደ። አላህ ይዘንልህ። ዛሬ የዕለት ማስታወሻዬን ስጀምር እጄ ወደ አንተ ዞረብኝ።

የጀርሚስተኑ ሱቃችን ደህና ነው። ብርድ ልብሶቹን ወደ ፊት አውጥቼ መጋረጃዎቹን ከኋላ ሰቀልኳቸው። ጠዋት ፀሐይ ስትገባባቸው ክፍሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ያኔ አንዳንዴ በመካከላቸው ስታልፍ አይሃለሁ። አልጠራህም፤ ብጠራህ የምትጠፋ ይመስለኛል።

ሐያታችን ስምንተኛ ክፍል ገባች፤ ቁመቷ እኔን አልፏል። አንተ ስለ ልጅነት ሩጫህ የነገርካትን በልቧ ይዛ ለትምህርት ቤቷ ትሮጣለች።

ያ አንተ የምትወደው የአገራችን ሯጭ ግን የተከለከለ መድኃኒት መውሰዱን በራሱ አፍ አመነ። ሰፈሩ ለቅሶ የተቀመጠ መሰለ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሸምሱ ፎቶውን ከግድግዳው ገንጥሎ በመቀስ ቆራረጠው። «እኔን ነው ያዋረደኝ! እኔን!» እያለ ሲጮህ አንዲት ዙሉ ደንበኛው ደንግጣ «ባባ፣ ወንድምህ ነው እንዴ?» አለችው። አዎ ሊላት ምንም አልቀረውም።

እንደምታውቀኝ ቶሎ የምቃጠል ሰው አይደለሁም። ሰውየው ሸምሱን በዓይኑ አይቶት አያውቅ፣ ምን አደረገው? ብዬ ነበር። በኋላ ገባኝ። እዚህ የስደት አገር ለመኖሪያ ወረቀት የምንሰለፈው አንገታችንን ደፍተን ነው። እሱ ባሸነፈ ሰሞን ግን ቀና ብለን ሄድን፤ ደንበኛው ሁሉ «የእናንተ ሰው!» ይለን ነበር። ለካ ያልሮጥነውን ሩጫ እንደ ልብስ ለብሰነው ኖረናል። አሁን ገበያ መሃል ያወለቀብን መሰለን።

እኛ ቤት የተሰቀለውን የሯጩን ፎቶ ላወርድ ስል ሐያት ከለከለችኝ። ፊቷ በርቷል። «እማ፣ አባዬ በልጅነቱ ከሱ ጋር ሮጦ ሁለተኛ ወጥቷል አይደል? ሰውየው ያኔም አጭበርብሮ ከሆነ እኮ አንደኛው አባዬ ነው!» አለች። ትምህርት ቤት በተማሪው ሁሉ ፊት ልትናገረው ጽፋ ይዛዋለች።

ከድርዬ፣ ያንን ሩጫ እንዳልሮጥክ የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነን። ትንሽ ሳለች እንድትተኛ ብለህ የፈጠርከው ነበር፤ በየዓመቱ ጨመርክበት፣ እኔም ዝም አልኩ። አሁንም ዝም ማለት እችል ነበር። ግን አንድ ቀን ከሌላ ሰው ብትሰማ አንተንም ሸምሱ እንደቆራረጠው ፎቶ እንዳታደርግህ ፈራሁ። ነገርኳት።

ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና «ታዲያ አባዬ እውነት ሲሮጥ እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሮዘተንቪል ሰፈር እያለን ታክሲ እንዳያመልጥህ ሃያ እርምጃ ሮጠህ፣ ወገብህን ይዘህ፣ ሹፌሩን «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ልተንፍስ፣ ከዚያ እከፍላለሁ» ስትለው ተሳፋሪው ሁሉ እንዴት እንዳውካካ አወራኋት። ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ትናንት በተማሪዎቹ ፊት የተናገረችው ይህንኑ ነው አሉ።

እኔም ቃሌን ልስጥህ። ሁለተኛ የወጣውን ሰው አላስታውሰውም፤ እሱን አላውቀውም። እስክሞት የማስታውሰው ያንን ትንፋሽ ያጠረውን፣ ታክሲው ውስጥ ከጎኔ ቦታ የያዝኩለትን ነው።

ያንተዋ ዘይነባ