ጎርፉ እየቆረሰ የሚወስደው ቦታችን

እታለም፣

ከተለየሽኝ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ወልድያም ደኅና ናት። የቤት ኪራዩ ግን ከሁለታችንም ይበልጥ ደኅና ነው።

አከራያችን እትየ ሙሉ ሰሞኑን ሲያዩኝ ፈገግ ማለት ጀመሩ። ያኔውኑ ነገሩ ገባኝ። ልጃቸው ከዐረብ አገር ስለሚመጣ እስከ መስከረም ክፍሉን እንድለቅላቸው ለመኑኝ። ይህ ልጅ ድሮም ኪራይ ለመጨመር ባሰቡ ቁጥር ሊመጣ ይነሣ ነበር፤ ታውቂዋለሽ። ዘንድሮ ግን ግድግዳውን ኖራ አስቀብተዋል። ሳይመጣ አይቀርም።

እንግዲህ የቀረኝ ከቤት ሠሪዎች ማኅበሩ የደረሰን ቦታ ነው። ዕጣው የወጣልን ቀን ችካሉን በድንጋይ እየመታሽ የተከልሽው አንቺ ነሽ። ከዚያ በር ይሆናል ባልሽው በኩል ጫማዬን አስወልቀሽ ወደ ባዶው መሬት አስገባሽኝ። እሾህ ሲወጋኝ፣ ገና ቤቱን አልለመድከውም ብለሽ ሳቅሽብኝ።

ከታች ያለው ቦይ አሁን ቦይ አይደለም። አንቺ በአንድ እርምጃ ትሻገሪው የነበረው፣ ዛሬ ሰው ገብቶ ቢቆምበት አናቱ እንኳ አይታይም። በየዝናቡ አፈሩን እየገመሰ ወደ እኛ ይመጣል፤ ድምፁ በሬ ሣር ሲነጭ ይመስላል። ማኅበርተኛው ደቦ ወጥቶ ድንጋይ ሞላበት። በማግስቱ ድንጋዩን ታች ሜዳው ላይ ተበትኖ አገኘነው።

ከዚያ ወዲህ ሰዉ ብልጥ ሆነ። እያንዳንዱ ከገደሉ ለመራቅ ማንም ሳያየው ችካሉን ይነቅልና ወደ ላይ ያስጠጋል። ማንም ማንንም ስላላየ፣ በመሃል የተተወው መንገድ ጠፋ። አሸዋ የጫነ መኪና መጣ፣ መግቢያ አጥቶ ተመለሰ። እስከ መስከረም መሠረት ያላወጣ ደግሞ በማዘጋጃ ቤቱ መመሪያ ቦታውን ይነጠቃል። ከጎርፉና ከመመሪያው የትኛው እንደሚቀድም እንጃ።

ሳይነቀል የቀረው ያንቺ ችካል ብቻ ነበር፤ ግማሽ ጎኑ አፈር አጥቶ ገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ አያሌው፣ የሂሳብ መምህሩ፣ ትናንት አጠገቡ ቆመው አዩት፣ አዩኝም።

"እህትህ ብትኖር እኮ ራሷ ትነቅለው ነበር" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ከሁሉም ቀድመሽ ትነቅይው ነበር፤ ያውም የጎረቤትን ቦታ እየረገጥሽ። እኔ ግን እጄን አሳርፌበት ተውኩት።

ዛሬ ጠዋት ስሄድ የለም። ገደል ገብቼ አልፈለግኩትም።

አሸዋውን በአህያ ማስገባት ጀምሬያለሁ። ሁለት ክፍል ነበር ያሰብነው፤ ያንቺ በላይ በኩል፣ የኔ በገደሉ በኩል። የኔ ክፍል ከነመስኮቱ ሄዷል። ስለዚህ ያንቺን ብቻ ነው የምሠራው። የማን ቤት ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ እስከ ቆመ ድረስ፣ የእህቴ ነው፤ እኔ ተጠግቼ ነው የምኖረው እላለሁ።

ደመናው ከተራራው መውረድ ጀምሯል። ልሂድና አሸዋውን ልሸፍነው።

ወንድምሽ