በካርታው ጥግ የተጻፈ ስም

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ ለአቶ መሐመድአሚን፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ዳገቱን ሲወጡ የሚይዝዎት ሕመም ቀለል አለልዎት? እናቴስ ዓይኗን ልትታይ ደሴ ሄደች ወይስ አሁንም ዛሬ ነገ እያለች ነው? ወንድሜ ቢላል ደኅና ነው? እኅቴ አፍራህስ ፈተናዋን እንዴት አለፈችው? በልጉስ ዘንድሮ አላሳፈራችሁም ወይ? እኔና አክስቴ ፈትያ፣ ከእናንተ ናፍቆት በቀር፣ አልሐምዱሊላህ ምንም አልጎደለብንም። ይህን ደብዳቤ የምልክልዎት ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ በሚሄደው በጎረቤታችን በሊካሳ እጅ ነው። በስልክማ «ሃሎ፣ ይሰማል?» ስንባባል ነው የሚያልቀው፤ ይህን ወሬ ደግሞ ከአናቱ እስከ እግሩ እንዲሰሙልኝ ፈለግሁ።

ባለፈው «ቆጣሪ ከማንበብ ሌላ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሉኝ «ካርታ እሠራለሁ» ብልዎት ከት ብለው ሳቁ። አልፈርድብዎትም፣ እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ እስቅ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በአዚዛ ነው። አዚዛ ከእኛ ግቢ ሦስት በር አልፋ የምትኖር፣ ባሏ በሹፍርና ክፍለ አገር የሚውል ጎረቤታችን ናት። አምና አንድ ቀን ቀትር ላይ ምጥ ያዛት። አምቡላንስ ተጠራ፤ ሹፌሩም ወዲያው ተነሣ። ነገር ግን የእኛ ቅያስ በየትኛውም ካርታ ላይ የለችም። ሰውዬው ባምቢስ በሚባለው ሱፐርማርኬት በኩል ይዞራል፣ በዋናው አስፋልት በኩል ይመለሳል፣ «የት ጋ ናችሁ?» እያለ ይደውላል። እኔ ሻርፔን ከራሴ ላይ አውርጄ እያውለበለብኩ አስፋልት ድረስ ሮጥኩ። እንዲያ ሆኖ ደረሰላት፤ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። እኔ ግን ያን ያህል ደቂቃ የባከነው መንገዳችን ስም ስላጣች መሆኑ ከውስጤ አልወጣ አለ። የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ሆኜ በየቀኑ የማልረግጠው ቅያስ የለም፤ የማውቀው ሁሉ ግን ለእግሬ ብቻ ነበር የሚጠቅመው።

ይህን ባምቢስ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ላለው ለኤልዳድ ስነግረው፣ ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባለውን አሳየኝ። አባቴ፣ ይህ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚሠሩት ካርታ ነው። እያንዳንዱ የሚያውቀውን ሰፈር ይጨምርበታል። ማንም ወስዶ ሊጠቀምበት፣ ሊነግድበትም ይችላል። የሚጠየቀው ግዴታ ከባድ አይደለም፦ ካርታው ከማን እንደተገኘ ሰው በሚያየው ቦታ መጻፍ።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ስወጣ፣ ቅዳሜም እሑድም፣ ስልኬን ይዤ መዞር ሆነ። መንገዱን መሳል ቀላል ነበር፤ ስሙ ነው ያስቸገረኝ። እዚህ ላይ ጋሽ ገብረክርስቶስ ባይኖሩ ኖሮ የትም አልደርስም ነበር። እሳቸው ሠላሳ አንድ ዓመት ካርታ ሲነድፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ካዛንቺስ ውስጥ ብዙ ቤት እየፈረሰ ነው፤ ሰዉ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲበተን የየቅያሱም ስም አብሮ ይጠፋል። ጋሽ ገብረክርስቶስ በከዘራቸው እየተደገፉ «ይህ የዳንቴል ሠሪዎች ቅያስ ነው፤ እዚያ ደግሞ የዳዊት ደጋሚው ግቢ ነበር» እያሉ አንድ በአንድ አስጻፉኝ። እስከ ቄራ መዳረሻ ድረስ አብረን ሄደናል።

ታዲያ ባለፈው ጥር ለአንድ ጉዳይ መስቀል ፍላወር ልሄድ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። የሹፌሩን ስልክ አየት ባደርግ መንገዳችን በሙሉ ተስሏል! ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ቀረብ ብዬ ሳየው «የዳቴል ሠሪዎች ቅያስ» ይላል። «ን»ን የገደፍኳት እኔ ነኝ፤ በችኮላ ስጽፍ። እንግዲያስ የኛው ካርታ ነው ማለት ነው። ነገር ግን ጥጉ ላይ ያለው የአንድ ትልቅ የውጭ ድርጅት አርማ ብቻ ነው። ስለ እኛ አንዲት ቃል የለም።

ያን ቀን ምሳም አልበላ አለኝ። አክስቴ ፈትያ «ፀሐይ የመታሽ ለሰው ነዋ!» ብላ ተናደደች። ኤልዳድማ በቃ ጨሰ። «የጨመርነውን ሁሉ እናጥፋው፣ ባዶውን ይውሰዱት!» አለ። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም እጄ ሊያጠፋ ቃጥቶት ነበር። ጋሽ ገብረክርስቶስ ግን «ነገ ሌላ ሴት ምጥ ቢይዛትስ በየት ሊመጡላት ነው?» አሉን። ቀጥለውም «እኔ በነደፍኩት ካርታ ላይ ስሜ ተጽፎ አያውቅም፤ የዚያን ጊዜ እንዲያ ነበር ልማዱ። እናንተ ግን የምትጠይቁበት ደንብ አላችሁ። ሳትሳደቡ ጠይቁ» አሉ።

ለድርጅቱ እኔ በአማርኛ ጻፍኩ፣ ኤልዳድ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ስድቡን ሁለት ጊዜ አስወጥቼዋለሁ! ሥራችሁ ሥራችንን ስለተጠቀመ ደስ ብሎናል፣ የቀረው የሠሪዎቹ ስም ነው አልናቸው። ሁለት ሳምንት ዝም። ደግመን ጻፍን። እንደገና ዝም ሲሉ ተስፋ ቆርጬ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ የካርታውን ክፍል ከምትመራው ሴት መልስ መጣ። በኮምፒውተር በሚታየው ላይ ምስጋናው እንደነበረ፣ ለስልክ ሲያዘጋጁት ግን ጥጉ ጠበበን ብለው እንዳነሡት ሳትደብቅ ነገረችን፤ «ጥፋቱ የኛ ነው፤ እናንተን ሦስት ጊዜ ማስጻፍ አልነበረብንም» ብላ ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያም በላይ፣ ሠራተኞቻቸው ስሕተት ሲያገኙ እያረሙ ለሁሉ ወደሚያገለግለው ካርታ እንዲመልሱ እንደምታደርግ ጻፈች። እኔ እንዲህ ያለ ትልቅ ድርጅት ለአንዲት ቆጣሪ አንባቢ መልስ ይሰጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ቃሏን ጠበቀች። በመጋቢት የታክሲውን ካርታ በስልኬ ብንከፍት ጥጉ ላይ «የኦፕን ስትሪት ማፕ አስተዋጽኦ አድራጊዎች» የሚል በግልጽ የሚነበብ ጽሑፍ ተቀምጧል። ሲጫኑት ካርታው እንዴት እንደተሠራ ወደሚናገር ገጽ ይወስዳል። ሠራተኞቻቸው ያረሟቸው መንገዶችም ተራ በተራ መግባት ጀምረዋል። እኔም የጎደለችውን «ን» አስገባሁ።

ስልኩን ይዤ ጋሽ ገብረክርስቶስ ቤት ሮጥኩ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አልበቃ ብሏቸው ማጉያ መስተዋት ጨመሩበት። ቃሉን ቀስ ብለው አነበቡና «አድራጊዎች ነው የሚለው፤ ብዙ ቁጥር ነው። እንግዲህ እኔም አለሁበት?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ፣ አሉበት» አልኳቸው። «እስቲ ደግመሽ ክፈችልኝ» አሉና ሌላ ማንም የማያውቀውን የመንገድ ስም አንድ በአንድ እያነሡ፣ መኖሩን እያረጋገጡ፣ ሲያዩ ዋሉ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ አላህን አመሰገንኩ።

አሁን እርስዎን የማስቸግርዎት ነገር አለኝ። ካርታው ላይ ከሐርቡ አስፋልት ወዲያ ያለው የእኛ አገር ነጭ ባዶ ወረቀት ነው። የወንዞቹን፣ የምንጮቹን፣ ወደ መስጂድና ወደ ገበያ የሚወስዱትን መንገዶች ስም ለቢላል ያስጽፉልኝ። እርስዎ የማያውቁትን ሽማግሌዎቹን ይጠይቁ። አደራ፣ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የነገረዎትን ሰው ስም ያስጽፉልኝ፤ የማመሰግነውን ሰው ማወቅ አለብኝ።

እናቴን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ ደሴ ሳትሄድ ብትቀር እንደምቀየማትም ንገሯት። ቢላልን እጁ የተባረከ ይሁን በሉልኝ፣ ጽሑፉ ግን የሚነበብ ይሁን! አፍራህን ጉንጯን ሳሙልኝ። ስለ ራሂማ የሚጠይቁትን ጎረቤቶች ሁሉ ሰላም በሉልኝ። አክስቴ ፈትያ እጅ ትነሣለች፤ አዚዛም ልጇን አቅፋ ዱዓ አድርጉልን ትላለች።

ልጅዎ ራሂማ መሐመድአሚን
ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 14 ቀን 2009 ዓ.ም.