ከቆጠራ የዘለልኩት ኢስሐቅ

ለልጄ ለመቅደላ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ የእንግሊዝ ገጠር ብርድ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባልሽ ቶማስ ደህና ነው? የልጅ ልጄ ራሄልስ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ በሬው ብቻ ነው እንደ እኔ ያረጀ። ይህን የምትጽፈው የወንድምሽ ሚስት ጥሩወርቅ ናት። የምለውን እንዳታሳምር አስጠንቅቄያታለሁ።

ደብዳቤሽ ተነበበልኝ። የቶማስ ቅድመ አያት በግ ሰርቆ መታሰሩን ከቤተ ክርስቲያናቸው መዝገብ አገኛችሁ፣ አማትሽም ለእንግዳ ሁሉ እየሳቀች ታወራዋለች አሉ። ጉድ ነው! እኛ ብንሆን መዝገቡን ነበር የምንሰርቀው። መንደራቸው ዳር ያለው ድንጋይ ደወል ሲሰማ ወንዝ ወርዶ ውሃ ይጠጣል የሚሉትንም ሰምቼ ሳቅሁ። ኋላ ግን ሳቄ ቆመ። የመንደሩ ቤተሰቦች ታሪክ የሚወጣበት መጽሐፍ ከፋሲካ በፊት ይታተማል፣ ልጅ ሆኜ ያስጠናኸኝን ሰባት ቤትም ለራሄል ብዬ ጽፌ ሰጥቻለሁ ብለሻል። እሱን አስቁሚ። በስልክ ያልነገርኩሽ መሐል ላይ ስለሚቆረጥ ነው፤ ይህ ደግሞ ተቆርጦ የሚቀር ነገር አይደለም።

ያስጠናሁሽ ልክ አይደለም። እኔ መለሰ፣ አባቴ ደጀን፣ አያቴ ሙላቱ፤ እስከዚህ እውነት ነው። የሙላቱ አባት ግን ወልዴ ሳይሆን ኢስሐቅ ነው፤ ወልዴ የኢስሐቅ አባት ነው። ኢስሐቅ ሐራ ገበያ ዳር ወናፍ ተክሎ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነበር። ቀን ማረሻ ያሠራው ሰው ሁሉ፣ ኢስሐቅ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል እያለ ያማዋል። እናትሽን ለማግባት ሽማግሌ ልኬ ዘርህን ቁጠር ስባል እሱን ዘለልኩት። ቆጠራው ስድስት ላይ ቢቆምብኝ ከላይ ፊታውራሪ ጎበዜን ጨመርኩ። እንዲህ የሚባል ሰው አልተፈጠረም። እናንተንም ያንኑ አስጠናሁ። አንቺ ፊታውራሪው ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን ከፍ ታደርጊ ነበር፤ እኔም እኮራ ነበር።

ጥሩወርቅ እዚህ ስትደርስ እጇ ቆመ፤ አባባ፣ ይሄም ይጻፍ? አለችኝ። ጻፊው አልኳት። እናትሽም የሰማችው ዛሬ ነው። አንተ ውሸታም ሽማግሌ፣ እኔ ያገባሁት ፊታውራሪውን ነው እንዴ? አለችና ከጣራው ሥር የተሰካውን አሮጌውን ማጭዴን አውጥታ የማን ሥራ ነው ብላ ጠየቀችኝ። የኢስሐቅ ነው። አባቴ ሲሰጠኝ ስሙን በጆሮዬ ነግሮኛል። እጀታውን ሦስቴ ቀይሬ ስድሳ ዓመት አጭጄበታለሁ፤ የሠራውን ሰው ስም ግን አንድ ቀን አልጠራሁም።

እንግዲህ ፊታውራሪውን ሰርዢና ኢስሐቅ ወልዴ፣ ቀጥቃጭ፣ ብለሽ ጻፊ። የጅቡንም ወሬ ጻፊው፣ ከድንጋያቸው አይብስም። ግን ሰውዬው ማታ ማታ ደክሞት ይተኛ እንደነበር ጨምሪበት።

ቶማስን ሰላም በዪልኝ። ለአማትሽም ከነሳቋ ሰላምታዬን አድርሺ፤ ብቻ ያ የበግ ሌባቸው ቀጥቃጬን እንዳይንቅብኝ። እናትሽ ሸጊቱ ሁለት ጉንጭሽን ስማለች፤ ወንድምሽና ጥሩወርቅም ናፍቀውሻል። ራሄልን ሳሚልኝ። ስትቆጥር ኢስሐቅ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ ታድርግ።

አባትሽ መለሰ ደጀን፣ በጣቴ ፈርሜያለሁ
መርሳ፣ ሀብሩ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.