ላማችንን ያደነቀው እንግዳ

ሐምሌ 14 ቀን 1957 ዓ.ም.

ዛሬም ዝናብ። ሜዳው ውሃ ተኝቶበታል፤ ከወረታ ገበያ ያመጣነው ጨው ሳይቀር ረጥቧል። ወጡን አሳረርኩት። አባየ ቀመሰና "ይች የማትረባ ልጅ" አለ። በቃ። ጎንደር ሄጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስም ያለኝ ይችኑ ነው።

ቤይሩት ሄጄ ነርስነት እንድማር ነጻ ትምህርት አግኝቻለሁ። አባየ ግን እሺም እምቢም አላለ። ወንድሜ አንለይ ከሚማርበት እርሻ ኮሌጅ ለእረፍት ሊመጣ ነው፤ ከዩጋንዳ መጥቶ አብሮት የሚማር ጓደኛ ይዞ። አባየ ይህን ሲሰማ፦ "ደግ ነው። ሰው አገር የሚማር ልጅ ምን እንደሚሆን በሱ አያለሁ። ያንችን ከዚያ እነግርሻለሁ።"

እንግዲህ ዕድሌ በማላውቀው ሰው እጅ ወደቀ። ምን ዓይነት ሰው ይሆን? ጠጪ ቢሆንስ?

ሐምሌ 16

ገቡ። ስሙ ሙጊሻ ነው። ቁመቱ! ገና ሲገባ የበራችንን መቃን በግንባሩ መታው። እማየ እግሩን ልታጥበው ውሃ አሙቃ ስትቀርብ ዘሎ ተነሣ። "እናት አታጥብም! እኔ ነኝ የማጥብ!" ብሎ የሷን እግር ለመያዝ ተንበረከከ። እማየ በሳቅ ሞተች። አባየ አልሳቀም። ጢሙ ግን የተንቀሳቀሰ መሰለኝ።

እራት ላይ እማየ "በሞቴ" እያለች ስትጨምርለት በላ፣ በላ... ላብ አጠመቀው። በኋላ ሙጊሻ አንለይን፦ "ሰው ከሚሞት ብዬ ነው" አለው።

ሐምሌ 17

ሙጊሻ ሆዱን አሞታል። እማየ ዶሮ ልታሳርድለት ነው። ኧረ ተይው!

ሐምሌ 20

ለካ የመጣው ለሽርሽር አይደለም። ስለ ፎገራ ከብት ጽፎ ለኮሌጁ ማቅረብ አለበት። ካላቀረበ ዓመቱን ይደግማል።

እኔም ሙጊሻን ወጋችንን ማስተማር ጀምሬያለሁ። ቄስ ሲገባ ተነሣ። ረቡዕና ዓርብ ወተት አትጠይቅ። ሽማግሌ ሲናገር አታቋርጥ። ሁሉን ይጽፋል። ከሱ ይልቅ የምፈራው እኔ ነኝ። ስንት ነገር አለ የረሳሁት?

ሐምሌ 21

አለቀልኝ።

ጠዋት እማየ ስታልብ ሙጊሻ ሜትሩን ይዞ በረት ገባ። አባየ ሁልጊዜ "ይች የማትረባ" የሚላትን ቀይዋን ላም ደረቷን ለካ፣ ቀንዷን ለካ። ከዚያ ባለ በሌለ ድምፁ፦ "እንዴት ያለች ቆንጆ ላም! እንዴት ያለ ጡት! እንዲህ ያለ አላየሁም!" ይህ አልበቃ ብሎት ከብቶቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየጠቆመ ጮክ ብሎ ቆጠረ። በጣቱ!

እማየ ማለቢያዋን ይዛ ደርቃ ቀረች። ጎረቤታችን ውባየሁ "ከዓይን ያውጣት" አለች፤ ቀስ ብላ፣ ሁላችንም እንድንሰማ። አባየ ቤት ገባ።

ስለ ላም አልነገርኩትማ። እኛንስ ማን ነግሮን ያውቃል? ዝም ብለን ነው የምናውቀው።

ሐምሌ 22

ላሟ ወተት ከለከለች። እማየን በእርግጫ! አንለይ "ትናንት ሲለካት ደንግጣ ነው" ይላል። የተማረ ሰው። እኔስ ምን እላለሁ? እንጃ።

ጎረቤቱ ሁሉ ከብቱን ሸሸገ። ሙጊሻ በዝናብ ሜትሩን ይዞ ይዞራል፤ የሚያስገባው የለም። አባየ ጠራኝ፦ "አየሽ? ሰው አገር የሄደ እንዲህ ነው። የራሱን ይጥላል፣ የሰውን አይይዝም።"

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ቤይሩት በአንዲት ላም ጡት ምክንያት ትቅር?

ሐምሌ 24

ለሙጊሻ ሁሉን ነገርኩት። የኔንም ጉዳይ ጭምር። ጭንቅላቱን ያዘ።

"በኛም መንደር እኮ ላም አይቆጠርም! አባቴ ቢሰማ በዱላ ነው!"

"ታዲያ ምን ነካህ?"

"ኮሌጅ መቁጠር አስተማሩኝ። ደግሞ... ሰው አገር ስሆን ሕጉ የቀረልኝ መሰለኝ።"

ሳቅን። ቆይቶ፦ "ግን ከሁሉም የምትበልጠዋ እሷ ናት። አባትሽ ለምን የማትረባ ይላታል?"

"ስለሚወዳት ነዋ! ዓይን እንዳይበላት..." አልኩና ሳልጨርስ ወደ ጓዳ ገባሁ። ምን ነክቶኝ ነው የሸሸሁት?

ሐምሌ 25

ሙጊሻ ማንም ሳይጠራው በጠዋት በረት ወረደ። አባየ ፊት እጅ ነሣ። "የአባቴን ቤት ሕግ ረስቼ ነው፤ ይማሩኝ" አለ። ከዚያ ላሟን እንትፍ እንትፍ ይላት ጀመር። ቀንዷን፣ ጀርባዋን፣ ጭራዋን ሳይቀር። ውባየሁ "ኧረ በቃ፣ ታጠበች እኮ!" አለች። እሱ ግን አልጨረሰም። "አስቀያሚ ላም! ወተቷ ውሃ ነው! እንኳን ዩጋንዳ፣ ይፋግ ገበያ ብትወጣ የሚገዛት የለም!"

አባየ ሳቀ። ጋቢው እስኪወድቅ። እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ሐምሌ 29

ላሟ ታለበች። አንለይ "ተረጋግታ ነው" አለ። ይበል።

ሰፈሩ ሁሉ ከብቱን አስለካ። ሙጊሻ እየተሳደበ ይለካል። ደሳለው ጎረቤታችን ግን አኩርፎ መጣ፦ "የሰው ሁሉ በሬ ተሰድቦ የኔ ምነው ታለፈ?" ሙጊሻ በዝናብ ተመልሶ ሄዶ ሰደበለት።

ጳጉሜን 2

አንለይና ሙጊሻ ሄዱ። ቤቱ ጭር አለ። ማታ አባየ እሳት ዳር ተቀምጦ፦

"ያ ልጅ ተሳሳተ። ማንም ሳይለው መጥቶ አቃናው። አንችም እንዲያ ታደርጊ እንደሁ... ሂጅ።"

ሂጅ አለኝ! እማየ አለቀሰች። እኔ ዛሬም ወጡን አሳረርኩት፤ በደስታ።

መስከረም 19 ቀን 1958 ዓ.ም.

አውቶቡስ ውስጥ ነኝ። መንገዱ ያንገጫግጫል፤ ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ሆኗል።

መገንጠያው ላይ ሰው ሁሉ ሊሸኘኝ ወጥቶ ነበር። ውባየሁ "ይች ጎበዝ! ይች ብልህ!" ማለት ስትጀምር አባየ ቆጣ ብሎ አቋረጣት፦ "ምን ጎበዝ! ወጥ የምታሳርር!" ራሴ ላይ እንትፍ እንትፍ ብሎ መረቀኝ። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞረ።

"ይችን የማትረባ ልጄን አደራ። ቀስ ብለህ ንዳ።"

 ዕድሜዬን ሙሉ ሲያሞግሰኝ ኖሯል፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። አውቶቡሱ ሲነሣ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ጮህኩ፦

"አባየ! አንተም የማትረባ ነህ!"

ሰው ሁሉ ደነገጠ። እማየ አፏን ያዘች። አባየ ግን ፊቱን አዞረና በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።