የከሚሴ ብርድ

ሚያዝያ 3

ሥራ እንደነገሩ። ስክሪኑ የተሰበረ፣ ቻርጅ አልይዝ ያለ፣ ደግሞ አንዱ ስልኩን ከነሱሪው አጥቦ የመጣ። "ይድናል?" ይለኛል። እኔን ሐኪም አድርጎ።

ቤት ስገባ እናቴ ወንበር ላይ ወጥታ የትንሿን ክፍል መስኮት በኬሻ ትወትፋለች። በዚያ በሚያማት ወገቧ!

"ምን እየሠራሽ ነው እማ?"

"ለዓዲላ ነዋ። ብርድ እንዳይገባባት።"

ብርድ! በሚያዝያ! ከሚሴ! ዶሮዎቹ እንኳ ጥላ ሥር ተዘርግተው አፋቸውን ከፍተው ነው የሚተነፍሱት። ሳቄ መጣ። ዞር ብላ ስታየኝ ዋጥኩት።

ያቺ ክፍል እህቴ ዙቤይዳ የሞተችባት ናት። አራስ እያለች። ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። "ብርድ መታት" አሉ፤ አለቀ። እናቴ ያንን መስኮት ማን ገርበብ አድርጎ እንደተወው እስከ ዛሬ ትጠይቃለች።

አሁን ሚስቴ ዓዲላ ወሯ ገብቷል። የዓዲላ እናት በሕይወት የሉም፣ ስለዚህ የምታርሳት እናቴ ናት። እዚያችው ክፍል ውስጥ።

ፈርቻለሁ። እዚህ ካልጻፍኩት የት እላለሁ? ለሚስቴ አይባል። ለእናቴማ ጭራሽ።

ሚያዝያ 6

ዓዲላን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አዋላጇ ሲስተር ኢክላስ ተረበኛ ናት። ሆዷን ለካች፣ ግፊቷን ለካች፣ "ደህና ነው" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"አንተ የምትጠይቀኝ ስለ ምጥ ብቻ ነው። ከወለደች በኋላስ?"

"እናቴ አለች" አልኩ።

"እናትህ ገንፎውን ያገንፉ፣ እሺ። ትኩሳት ግን ገንፎ አይፈራም።"

አራስ ካተኮሳት፣ ካንቀጠቀጣት፣ ደሟ ከሸተተ ወይ አልቆም ካለ... ያኔውኑ ይዘሃት ና አለች። ነገ አትበል። "ደግሞ ደህና ነሽ ወይ ብለህ አትጠይቃት። እዚህ ስሠራ 'አልሐምዱሊላህ' ያላለኝ በሽተኛ አላየሁም። ነፍሱ ልትወጣ 'አልሐምዱሊላህ'! ግንባሯን ንካ።"

ዓዲላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ዙቤይዳን ያንቀጠቅጣት ነበር... አልጋው ሲንጓጓ በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። ለዚህ እኮ ነው ብርድ ነው የተባለው። የሚንቀጠቀጥ ሰው በርዶት አይደል?

ለእናቴ ልነግራት ስል የቅቤ ወሬ ጀመረችልኝ። ተውኩት።

ሚያዝያ 9

የወይባው እንጨት ከባቲ ደረሰ። ለቦለቅያ፣ አራሷ ለምትታጠነው ጭስ። እናቴ አንድ በአንድ እያሸተተች ለየችው፤ "ይሄ ያረጀ ነው፣ ይሄ ይሁን፣ ይሄንንስ ለጠላቴ።" ከዚያ ጉድጓዱን አንተ ቆፍር አለችኝ። ክፍሉ ጥግ ላይ፣ ክንድ የሚያስገባ። አራሷ ከላዩ ትቀመጣለች፣ በብርድ ልብስ ትሸፈናለች፣ ጭሱ ከሥር ይሞቃታል። ወገብ ይጠግናል፣ ብርድ ያወጣል። የኛ አገር ሴት ሁሉ በዚህ ነው ከአራስ ቤት የተነሳችው። አልክድም።

ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ጉድጓድ መቆፈር... አፈሩን ሳወጣ መቃብር የምቆፍር መሰለኝ። ዓዲላ በር ላይ ቆማ "አታጥልቀው፣ እኔ አጭር ነኝ" ብላ ቀለደች። ጮህኩባት። ሂጂ ከዚህ አልኳት። ምን አደረገችኝ?

እናቴ ላቤን አየችው። "ሂንሶዳቲን፣ ኢልመ ኮ" አለችኝ። አትፍራ ልጄ። ስትጨነቅ በኦሮምኛ ነው የምታወራው። እሷም እንጨቱን ደርድራ ስትጨርስ አፍርሳ እንደገና ደረደረችው።

ሚያዝያ 11

የደሴ መንገድ ተዘግቷል ይላሉ። ነገ ይከፈታል ይላሉ። ከባድ ነገር ከመጣ ደሴ ነው የሚልኩት... አላህ ያውቃል።

ሚያዝያ 15

ሴት ልጅ! ከዙሁር በፊት፣ ጤና ጣቢያ። ምጡ ረዘመ፤ ተሰፍታለች። ሲስተር ኢክላስ ወጥታ "የልጅህ ድምፅ መናኸሪያ ተቀጥሮ መጥራት ይችላል" አለችኝ። ጆሮዋ ላይ አዛን አልኩባት። ድምፄ እየተሰበረ ሁለቴ ጀመርኩት።

ዓዲላን አሳዩኝ። ከንፈሯ ነጥቷል።

"ደህና ነሽ?"

"አልሐምዱሊላህ።"

አትጠይቃት ተብዬ መጀመሪያ ያደረግኩት ይሄንኑ ነው።

ሚያዝያ 16

ቤት መጡ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ገቡ፣ በሩ ተዘጋ። የእናቴ ቤት ሕግ ነው። አርባው ቀን ሳይሞላ ወንድ አራስ ቤት አይገባም፣ ባልም ቢሆን። ልጄን ጠቅልለው ያወጡልኛል። ሚስቴን የማወራት በበሩ ነው።

ግንባሯን በምን ልንካው?

ሚያዝያ 19

እውነቱን ልጻፍ። እንደ እናቴ አራስ የሚያርስ ሰው አላየሁም። አትተኛም። አጥሚቱ፣ ገንፎው፣ ሾርባው... የዓዲላን ጨርቅ በፈላ ውሃ የምታጥበው ራሷ ናት፣ ለማንም አትሰጥም። ዓዲላ በበሩ "እናቴ ብትኖር ከዚህ በላይ አታደርግልኝም" አለችኝ።

ብቻ በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ። ከሰል አስገብታለች።

"አልበዛም እማ?"

"ሙቀት ሰው ገድሎ ያውቃል?"

በሩን መልሳ ዘጋችው።

ሚያዝያ 22

አቂቃ። ልጄ ሰብሪና ተባለች። ከጨፋ ሮቢት ዘመድ ሁሉ መጣ፣ ግቢው ሞላ፣ ዱዓ ተደረገ። ሁሉም "ማሻአላህ፣ አራሷ እንዴት ናት?" ይላል። እናቴ ስትመልስ ደስታዋ ሌላ ነው። ዙቤይዳ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ቀና ብላ ስትሄድ አላየኋትም።

የዓዲላ ድምፅ ግን ቀጠነብኝ። "ደከመኝ" አለች። ሰው በዝቶባት ይሆናል።

ይሆናል...

ሚያዝያ 23

ቦለቅያው ተጀመረ። ስፌቷ ሳይድን? ሲስተር ኢክላስን ስለዚህ አልጠየቅኳትም። ለምን አልጠየቅኳትም!

"ቀኑ ገና አይደለም እንዴ እማ?"

"ገና ነበር። ዛሬ ጠዋት ብርድ ብርድ አለኝ አለች። ሳይብስባት ነው እንጂ።"

ብርድ ብርድ አለኝ አለች... ቀኑን ሙሉ ይሄ ከጆሮዬ አልወጣም። የሰው ስልክ ፈትቼ ብሎኑን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ።

ስመለስ ሴቶቹ ደስ ብሏቸዋል። "ላብ በላብ ሆነች፣ ብርዱ እየወጣላት ነው!" በበሩ ጠየቅኳት። አልሐምዱሊላህ አለች። እፎይ አልኩ። ሞኝ!

ሚያዝያ 24

ዛሬም ቦለቅያ። ዛሬም አልሐምዱሊላህ። ሰብሪና ረጅም ጊዜ አለቀሰች፣ ዓዲላ እሹሩሩ ስትላት ግን አልሰማሁም። እናቴ "ተኝታለች፣ እንቅልፍ ይጠግናታል" አለች።

ጎረቤታችን ረቢአ ከአራሷ ዘንድ ስትወጣ አፍንጫዋን በሻሿ ይዛ ነበር። ከጭሱ ነው? የወይባ ጭስ ደግሞ ማን ይሸሸዋል...

ነገ ለእናቴ እነግራታለሁ። ግን ምን ብዬ? አንድ ልጅ የቀበረችን ሴት፣ ሁለተኛዋን እንደ ዓይኗ ብሌን ስትጠብቅ፣ ተሳስተሻል ብዬ?

ሚያዝያ 25

ሆስፒታል ነኝ፣ ኮሪደር ላይ። ካልጻፍኩ እጮሃለሁ።

ከዐስር ሶላት በኋላ ሱቁን ዘግቼ መጣሁ። በበሩ ተጣራሁ። "ዓዲላ!"

"አቤት እማዬ፣ መጣሁ" አለች። "እንስራውን ላውርደው።"

እማዬ? እናቷን ነው። የሞተችውን። ጥርሷ ይንገጫገጫል። ቀጥሎ አልጋው ተንጓጓ... ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ።

በሩን ገፋሁት። እናቴ እጇን ዘርግታ ቆመችብኝ።

"ጀይሉ! ነውር ነው! ብርዱ ተነስቶባት ነው፣ እንጨት ጨምሬያለሁ፣ አሁን ይተዋታል!"

"ገለል በይ እማ።"

"ዝጋው! በሩን ዝጋው! እንደ እህትህ ልትገድላት ነው?"

ቆምኩ። አዎ፣ ቆምኩ። እናቴ ልክ ብትሆንስ? በሩን ከፍቼ እኔ ብገድላትስ? ሐኪም አይደለሁ፣ ምኑን አውቄ... ከዚያ ዓዲላ ደግማ "እማዬ" አለች። እናቴን በትከሻዋ ይዤ ገለል አደረግኳት። በዕድሜዬ እንዲህ ነክቻት አላውቅም።

ግንባሯ እሳት። የከሰል ሙቀት አይደለም፣ ከውስጥ የሚነድ ነው። ከጭሱ ሽታ ሥር ደግሞ ሌላ ሽታ።

ተሸክሜ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ እናቴ ብርድ ልብሱን ትደርብባታለች፣ እኔ እገፍፋለሁ። ደግሞ ትደርባለች፣ ደግሞ እገፍፋለሁ። እስከ ሆስፒታሉ በር እንዲህ። ሁለታችንም እያለቀስን።

ሐኪሙ ማህፀኗ አመርቅዟል፣ መርዙ ወደ ደሟ እየገባ ነው አለ። ግሉኮስ ሰቀሉላት፣ መርፌ ወጓት። "እስከ ዛሬ ምን ትጠብቁ ነበር?" አለ። መልስ አልፈለገም። "ዛሬን ካለፈች..." ብሎ ሳይጨርሰው ገባ።

ያ ረቢ። ያ ረቢ። ሰብሪና ረቢአ ዘንድ ናት።

ሚያዝያ 26

አለች። ትኩሳቱ ግን አልወረደም። ነርሷ እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ ስታደርግ እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። እርጥብ ጨርቅ፣ አራስ ላይ! ጨርቁን ግን አላነሳችውም።

ሚያዝያ 27

ዛሬ ትንሽ ይሻላታል ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት። እንዳላሟርትባት።

ሚያዝያ 28

ወረደ! ጎህ ሲቀድ ልብሷ በላብ ራሰ፣ ትኩሳቱ ወረደ። ሐኪሙም ተመስገን በሉ አለን። ዓይኗን ገልጣ "ልጄስ?" አለች። ቀጥላ እኔን አየችና "ማን ሞቶ ነው ፊትህ እንዲህ የሆነው?" አለችኝ። ኮሪደር ወጥቼ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ።

ስመለስ እናቴ ነርሷን ስታናግር ደረስኩ።

"ልጄ፣ ይሄ መድኃኒት አዲስ የመጣ ነው?"

"ኧረ የቆየ ነው እናቴ። እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባም ነበረ።"

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ምሳዋን አልበላችም።

ግንቦት 4

ቤት ከገባን ሦስተኛ ቀናችን። ዓዲላ እየበላች ነው፣ እያጠባች ነው። ሲስተር ኢክላስ መጥታ ስፌቷን አየች፣ መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ዋጪ፣ ጭስ ደግሞ ለጊዜው ይቅር አለች። ማንም አልተከራከራትም።

እኔ አራስ ቤት እገባለሁ እወጣለሁ፣ ነውር የሚለኝ ጠፍቷል። ግንባሯን እነካለሁ። ደግሜ እነካለሁ። "ተላጠ እኮ!" አለችኝ ዛሬ። ምን ላድርግ። ስታስነጥስ ዘልዬ እነሳለሁ። ፍርሃቱ ከትኩሳቱ ጋር የሚወርድ መስሎኝ ነበር...

ከዐስር በኋላ እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጠራችኝ።

"ጀይሉ።"

"አቤት እማ።"

"ያኔ... ለዙቤይዳ... መኪና ነበር?"

ምን እንደምትጠይቀኝ ገባኝ። መኪና ካልነበረ ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ። መድኃኒቱ ቢኖርም መድረሻ አልነበረም፣ የማንም ጥፋት አይደለም። እያየችኝ አልነበረም፣ የቀሚሷን ጫፍ ነው የምታየው።

"አልነበረም" አልኳት። "ያኔ መኪና የት ይገኛል እማ? ባጃጅም እንደልብ አልነበረ።"

የቀሚሷን ጫፍ አጣጥፋ ለቀቀችው። ያመነችኝ መሰለኝ።

"ነበር" አለች። "የአጎትህ አይሱዙ እዚህ ደጃችን ቆሞ ነበር። ወይባውን ያመጣልኝ እሱ አይደል?"

ያኔ እንጨቱን ያወረድኩት እኔ ነኝ። አውቃለሁ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ዓዲላ ከውስጥ ውሃ ጠየቀች። እናቴ እንደ ወትሮዋ ብድግ አለች፣ ቀዳች፣ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ብርጭቆውን ሰጠችኝ።

"አንተ ግባ" አለች። "እኔ እጄን ፈራሁት።"

ውሃውን ሰጥቼ ስወጣ እዚያው በሩ ላይ ቆማ ነበር።